የሆስፒታል ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ሥራና ኃላፊነት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሆስፒታል የራዲዮሎጂ ክፍል የሚሠራውን ቴክኖሎጂስት የሚመለከቱ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርገናል፤ የጠያቂዎችን ስም ራሳቸው በጠየቁን መሠረት ትተን የሚኖሩበትን አካባቢ ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተናዬን አልፌ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። የሕክምና ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂን ለመምረጥ አስቤ ለቤተሰቤ ሳማክር «ማሽን መጫን ምን ትምህርት ይፈልጋል?» አሉኝ። በእርግጥ ሥራው ምንድን ነው? ከራዲዮሎጂስቱስ በምን ይለያል? (ከደሴ)

መልስ፦ ቤተሰቦችዎ ያዩት የሥራውን መጨረሻ ነው። ለደረት ራጅ ጨረሩ የሚለቀቅበት ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ሙያው ያለው ከዚያች ቅጽበት በፊትና በኋላ በሚደረገው ነገር ውስጥ ነው።

በቅድሚያ ልዩነቱን ላስቀምጥ። ራዲዮሎጂስት የሕክምና ዶክትሬቱን ከጨረሰ በኋላ በዚሁ ዘርፍ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ስፔሻሊስት ሐኪም ነው፤ ምስሉን አንብቦ ውጤቱን በጽሑፍ የሚሰጠው እርሱ ነው። ቴክኖሎጂስቱ ደግሞ ታካሚውን ተቀብሎ የሚያዘጋጅ፣ የጨረሩን መጠን የሚመርጥ፣ ምስሉን የሚያነሣ፣ መሣሪያውን በየዕለቱ የሚፈትሽና በክፍሉ ውስጥና በበሩ አካባቢ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ከአላስፈላጊ ጨረር የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። ራዲዮሎጂስቱ የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን ፊልሙ ላይ ያልገባውን የሳንባ ጫፍ ሊያነበው አይችልም። ራዲዮሎጂስት በሌለባቸው ሆስፒታሎቻችን ደግሞ ምስሉን የሚያየው ራሱ ያዘዘው ጠቅላላ ሐኪም ወይም የጤና መኮንን ስለሆነ፣ ጉድለት ያለበት ምስል ጉድለቱን የሚያውቅለት ሳያገኝ በቀጥታ ወደ ሕክምና ውሳኔ ሊሄድ ይችላል። እኔ የሙያውን ክብደት የማየው ከሁሉም በላይ በእነዚህ ቦታዎች ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ ሳል አልለቅ ያላቸው አንድ አዛውንት የደረት ራጅ ታዞላቸው መጡ እንበል። ቴክኖሎጂስቱ መጀመሪያ የሚያነበው የመጠየቂያ ወረቀቱን ነው፤ ምን ታዘዘ፣ ለምን ታዘዘ፣ ትእዛዙስ ከታካሚው ሁኔታ ጋር ይስማማል ወይ የሚለውን ያያል። ወረቀቱ ላይ «ግራ እግር» ተብሎ ታካሚው የሚያነክሰው በቀኙ ከሆነ፣ ሐኪሙን ደውሎ ሳይጠይቅ ምንም አያነሣም። ቀጥሎ ማንነታቸውን ያረጋግጣል። «አቶ ከበደ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ አይገባም፤ ጆሮአቸው የደከመ ወይም የተጨነቁ ሰው ለማንኛውም ጥያቄ «አዎ» ሊሉ ይችላሉና። «ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ይልና የሰማውን ከካርድ ቁጥሩ ጋር ያመሳክራል። በሌሎች አገሮች ዋናው መለያ የልደት ቀን ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው ዕድሜውን በግምት ስለሚናገር የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ይበልጥ ያስተማምናሉ።

ከዚያ ልብስና ጌጥ ይመጣል። የብረት ቁልፍ፣ የጡት መያዣ ማያያዣ፣ በአንገት ላይ የተንጠለጠለ መስቀል፣ በብር የተለበጠ ክታብ፣ ሌላው ቀርቶ ትከሻ ላይ የወረደ ወፍራም ሹሩባ እንኳ ሳንባ ላይ ጥላ ይጥላል፤ የሹሩባ ጥላ በሳንባ ጫፍ ላይ ሲያርፍ የቲቢ ምልክት ሊመስል ይችላል። ማተቡን በጥሱ ማለት ግን አያስፈልግም። ክሩ በራጅ ላይ እምብዛም አይታይም፤ መስቀሉን ወደ ላይ ሰብስቦ ከሳንባው ክልል ማውጣት ይበቃል። ሴት ታካሚ ስትሆን የምትለውጥበት የተከለለ ቦታና የሚለበስ ጋውን ማዘጋጀት፣ ሰውነቷን ከመንካት በፊት ምን ሊደረግ እንደሆነ ነግሮ መፍቀዷን መጠየቅ፣ ከፈለገች ሴት ባልደረባ ወይም ዘመድ አብራት እንድትቆም ማድረግ የሥራው አካል እንጂ እንደ ችሮታ የሚቆጠር አይደለም።

አሁን አዛውንቱ ይቆማሉ። ደረታቸውን ወደ ምስል መቀበያው ሰሌዳ አስጠግተው ጀርባቸውን ለማሽኑ ይሰጣሉ፤ ልብ ያለችው ወደ ፊት በኩል ስለሆነ ወደ መቀበያው በቀረበች መጠን በምስሉ ላይ ያለ ልኳ ገዝፋ አትታይም። የራጅ ቱቦው 180 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚርቀውም ለዚሁ ነው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ትከሻቸውን ወደ ፊት እንዲገፉ የሚነገራቸው ሰፊዎቹ የትከሻ አጥንቶች ከሳንባው ላይ ገለል እንዲሉ ነው። ቀጥሎ የጨረሩ መጠን ይመረጣል፤ የመውጋት ኃይሉን የሚወስነው ኪሎ ቮልቱ ሲሆን ብዛቱን የሚወስነው ሚሊ አምፒር ሴኮንዱ ነው፤ ሁለቱም እንደ ሰውየው ውፍረት ይስተካከላሉ። ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳየው የብርሃን ክልል ከሚፈለገው የሰውነት ክፍል አልፎ ሆድና ፊት ላይ እንዳይፈስ ይጠባል። ግራና ቀኝ የሚለየው ምልክት ይቀመጣል። ይህች ከእርሳስ ብረት የተሠራች ትንሽ ፊደል ብትረሳ ወይም ብትገላበጥ፣ ሳንባው የታመመበት ጎን ተሳስቶ ጤነኛው ጎን ሊወጋ ይችላል፤ በትክክል ስትቀመጥ ደግሞ ልባቸው በተፈጥሮ ወደ ቀኝ የሆነ ጥቂት ሰዎች እንኳ ሳይሳሳቱ ይለያሉ።

የመጨረሻው ትንፋሽ ነው። «በደንብ ይተንፍሱ» ማለት በቂ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አየሩን ያስወጣል። «አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ ይያዙ፣ አይልቀቁ» ይባላል፣ አንድ ጊዜም ይለማመዱታል። አየር ሳይሞላ የተነሣ ሳንባ ታችኛው ክፍሉ ነጭ ሆኖ የሳንባ ምች ይመስላል፤ ልብም ያበጠች መስላ ትታያለች። በዚህ ምክንያት የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ሳስብ፣ ይህችን አንዲት ትእዛዝ በታካሚው ቋንቋ መናገር መቻል ከማሽኑ ዘመናዊነት አይተናነስም እላለሁ። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሶማሊኛ እነዚህን ጥቂት ቃላት አጥንቶ የያዘ ቴክኖሎጂስት ምስል የሚደግመው ጥቂት ነው።

ምስሉ ከወጣ በኋላ ታካሚውን ከማሰናበት በፊት ይመረመራል። የሳንባው የላይ ጫፍና የታች ማዕዘን ገብተዋል ወይ፣ ሰውየው ወደ አንድ ጎን ዞር ብለው ነበር ወይ፣ ከጀርባ በኩል ያሉት ጎድኖች ቢያንስ 9 ያህል ከዲያፍራሙ (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ ይቆጠራሉ ወይ፣ ስማቸውና ቀኑ በትክክል ተጽፏል ወይ የሚሉት ሁሉ ይታያሉ።

የድንገተኛ ክፍል ሥራ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በመኪና አደጋ የተጎዳን ሰው ለምስል እንዲመች ብሎ ማዞር፣ የአንገት ድጋፉን ማውለቅ ወይም የተሰበረ እግር ማጠፍ ትልቅ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ታካሚው ባለበት ተኝቶ ቱቦውና ካሴቱ (ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ) በዙሪያው ይንቀሳቀሳሉ። ስብራት በአንድ አቅጣጫ ፈጽሞ ላይታይ ይችላልና እርስ በርስ ቀጥ ባለ ማዕዘን ከሚገናኙ ሁለት አቅጣጫዎች ይነሣል፤ ረጅም አጥንት ሲሆን ከላይና ከታች ያሉት መገጣጠሚያዎች አብረው መግባት አለባቸው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የሰውነት አወቃቀር፣ ፊዚክስ፣ የበሽታ ሁኔታና የነርሲንግ መሠረታዊ ክህሎት ይጠይቃል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ የሚያስተምረውም እነዚህን ነው። ከሰው ጋር መነጋገር የማይከብድዎና ዝርዝር የማይሰለችዎ ከሆነ ይምረጡት።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ የደረት ራጅ ሲነሣ ስለተንቀሳቀሰ በድጋሚ ተነሣ። እኔ የምይዘው እንደሆነ ተነግሮኝ ከባዱን ሽርጥ ለበስሁ፤ ለልጁ ግን ምንም አላለበሱለትም። ልጄ ተጎድቶ ይሆን? ታናሹን ስለማጠባም «ወተቱን አፍስሺው» ያሉኝ አሉ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ስለ ወተቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሕፃን ያለ ምክንያት ጡት ሊከለከል ነውና። ራጅ ወተትን አይበክልም፤ ጨረሩ ቁልፉ ሲለቀቅ ያቆማል፣ በእርስዎ ሰውነት ውስጥም ሆነ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ያለ ስጋት ያጥቡ። ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለበት ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) እንኳ ወደ ወተት የሚያልፈው ከ1 በመቶ በታች ስለሆነ ጡት ማጥባትን ማቋረጥ አያስፈልግም። ይህ ሁሉ የማይሠራው ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በሚሰጥበት የኒውክሌር ሕክምና ምርመራ ላይ ብቻ ነው፤ እንደዚያ ያለ ምርመራ ከታዘዘልዎ የሚያጠቡ መሆንዎን አስቀድመው ይንገሩ።

ወደ ልጅዎ ስንመለስ፣ አንድ የደረት ራጅ ለአዋቂ ሰው የሚያደርሰው የጨረር መጠን ከ0.02 እስከ 0.1 ሚሊ ሲቨርት ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ለልጅ በትክክል ከተስተካከለ ከዚህም ያንሳል። ከአፈር፣ ከዐለት፣ ከአየርና ከሰማይ የምናገኘው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊ ሲቨርት ያህል ነው። ስለዚህ ልጅዎ በሁለቱ ምስሎች ያገኘው በተፈጥሮ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ከሚደርሰው ጋር የሚስተካከል ነው። የሕፃናት ሰውነት ለጨረር ከአዋቂ ይልቅ ስስ ስለሆነ ምስልን መድገም ቀላል ነገር ነው አልልም፤ ሆኖም የተንቀሳቀሰ ምስል ለሐኪሙ ስለማይጠቅም፣ ያንን ይዞ ከመሄድ መድገሙ ተገቢ ነበር። እንዳይደገም የሚደረገው ዝግጅት ግን ከቴክኖሎጂስቱ ይጠበቃል፤ ልጁን ከማሽኑ ጋር ማላመድ፣ እናትየው እጆቹን ከጭንቅላቱ ጎን አጥብቃ እንዴት እንደምትይዝ ማሳየት፣ በሚያለቅስ ልጅ ላይ ደግሞ አየር በሚስብባት ቅጽበት ማንሣት ያስፈልጋል።

እርስዎ እንዲይዙት የተደረገበት ምክንያት ይህ ነው፦ ሠራተኛው በየቀኑ ሕፃናትን ቢይዝ መጠኑ በዓመት ይከማችበታል፤ ወላጅ ግን ይህን የምታደርገው አልፎ አልፎ ነው። ከመያዝዎ በፊት ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆንዎን መጠየቅ ነበረበት፤ ካልጠየቀ በሚቀጥለው ጊዜ እርስዎ ራስዎ ይንገሩት።

ልጁ ሽርጥ አለመልበሱ ብዙ ወላጆችን ያስቆጣል፤ ስሜታቸውን እረዳለሁ። ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የታካሚን የመራቢያ አካል በእርሳስ መሸፈን ሕግ ሆኖ ኖሯል። በ2019 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ይህ የዘወትር አሠራር እንዲቀር መክሯል፤ ሌሎች ተቋማትም ተከትለውታል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከተነሣው ክልል ውጭ ወዳሉት አካላት የሚደርሰው ጨረር በአብዛኛው ከሰውነት ውስጥ ተበትኖ የሚሄድ ስለሆነ ከላይ የተደረበ ሽርጥ አያግደውም። ሽርጡ ወደ ምስሉ ክልል ተንሸራቶ ከገባ ደግሞ መታየት ያለበትን ይሸፍናል፤ መጠኑን በራሱ የሚቆጣጠር ማሽን ላይ ሲሆንም መሣሪያው እርሳሱን እንደ ወፍራም ሰውነት ቆጥሮ ጨረሩን ይጨምራል። ልጅዎን በተሻለ ሁኔታ የሚጠብቀው የብርሃኑ ክልል ደረቱ ላይ ብቻ እንዲወሰን መደረጉ ነው። ለእርስዎ የተሰጠው ሽርጥ ግን ያስፈልጋል፤ ከልጁ ሰውነት ተበትኖ ወደ እርስዎ የሚመጣውን ያግዳልና።

አንድ ነገር ልጨምር። የሆድ ሲቲ ስካን ለአዋቂ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሲቨርት ሊደርስ ስለሚችል ከደረት ራጅ ጋር በአንድ ዓይን አይታይም። ለልጅዎ ሲቲ ሲታዘዝ «በአልትራሳውንድ ሊታይ አይችልም ወይ?» ብለው ሐኪሙን መጠየቅ መብትዎ ነው። አስፈላጊ ነው ከተባለ ግን በፍርሃት አይተዉት።

ጥያቄ፦ ራጅ ካነሣኝ በኋላ ቴክኖሎጂስቱን «ምን አየህ?» ብዬ ስጠይቀው «ሐኪምዎ ይነግርዎታል» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። እያወቀ ለምን ይደብቀኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ የምርመራ ውጤት መናገር በሕግም በሙያ ሥነ ምግባርም የሐኪሙ ድርሻ ነው። ቴክኖሎጂስቱ ብዙ ምስል በማየት የሚያውቀው ነገር ቢኖርም የእርስዎን የደም ምርመራ፣ የቀድሞ ሕመምና የሐኪሙን ግኝት አይዝም፤ ያለ እነዚህ የሚሰጥ ቃል ሰውን በከንቱ ሊያስደነግጥ ወይም በከንቱ ሊያዘናጋ ይችላል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ «ምንም የለብህም» ተብሎ ከኮሪደር የተመለሰ ሰው ሐኪሙ ዘንድ ላይደርስ ይችላልና።

ነገር ግን ዝም ማለት የማይገባበት ሁኔታ አለ። ሳንባ ተጨማድዶ አየር ደረት ውስጥ ሲጠራቀም፣ አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ፣ በሆድ ውስጥ የተበሳ አንጀት ምልክት ከዲያፍራም በታች ሲታይ፣ ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል የመተንፈሻ ቱቦ ያለቦታው ገብቶ ሲገኝ፣ ቴክኖሎጂስቱ ምስሉ ተራውን እስኪያገኝ አይጠብቅም። ወዲያው ለሐኪሙ ወይም ለራዲዮሎጂስቱ ደውሎ ያሳውቃል፤ ለማን በስንት ሰዓት እንደነገረም ይመዘግባል።

ፊት ማዞሩን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር ነኝ። «ምስሉን ሐኪሙ አይቶ ከሌላው ምርመራዎ ጋር አገናዝቦ ይነግርዎታል፤ ውጤቱን ከሰዓት በኋላ በዚህ መስኮት ያገኛሉ» ብሎ በአክብሮት ማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ታካሚም ይገባዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ የዞን ሆስፒታል የምሠራ ቴክኖሎጂስት ነኝ፤ በቅርቡ አግብቻለሁ። ቤተሰብ «መካን ትሆኛለሽ» እያለ ያስፈራራኛል። የቀድሞ ሠራተኞች ወተት መጠጣት ይከላከላል ይላሉ። የሽርጦቻችን ጫፍ ተሰነጣጥቋል፤ የሚደርስብንን ጨረር የሚለካው ባጃችን ከተላከ ቆይቶ ውጤቱ አልመጣም። ምን ላድርግ? (ከደቡብ ኢትዮጵያ)

መልስ፦ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ መረዳት ይጠቅማል። ሮንትገን ኤክስሬይን በኅዳር 1895 እ.ኤ.አ. ካገኘ በኋላ በነበሩት ዓሥርተ ዓመታት ሠራተኞች ያለ መከላከያ በየቀኑ እጃቸውን በጨረሩ ውስጥ እያስገቡ ማሽኑን ይሞክሩ ነበር፤ ጣታቸውን ያጡና በካንሰር የሞቱ ብዙ ናቸው። በጀርመን ሐምቡርግ በ1936 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ሰዎች በቆመው ሐውልት ላይ በመጀመሪያ 169 ስሞች ተቀርጸዋል። ዛሬ እርስዎና እኔ የምንሠራበት ሥርዓት የተገነባው በእነርሱ ጉዳት ነው፤ ሥርዓቱን በሚገባ የሚጠብቅ ሠራተኛ በእነርሱ ላይ የደረሰው አይደርስበትም።

ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ የሚመክረው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት ሲሆን በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 መብለጥ የለበትም፤ ለተራው ሕዝብ 1 ሚሊ ሲቨርት ነው። ከመከላከያ ግድግዳ ጀርባ ሆኖ ተራ ራጅ የሚያነሣ ሠራተኛ በተለምዶ ከዚህ ጣሪያ እጅግ በታች ነው። መካንነት የሚያስከትለው መጠን ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በእርግዝና ጊዜም ሥራ መልቀቅ ግዴታ አይደለም፤ ማርገዝዎን እንዳወቁ ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ከዚያ በኋላ በቀሪው የእርግዝና ጊዜ ጽንሱ ከ1 ሚሊ ሲቨርት በላይ እንዳያገኝ ሥራዎ ይስተካከላል፤ በተግባር ከፍሎሮስኮፒ (በራጅ የሰውነትን ውስጥ በተንቀሳቃሽ ምስል ከማየት) እና ከቀዶ ጥገና ክፍል ሥራ መራቅ ማለት ነው።

ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ጨረርን ግን አይከላከልም። የሚከላከሉት ጊዜን ማሳጠር፣ ርቀትና ጋሻ ናቸው። ከሦስቱ ርቀት ምንም ወጪ የለውም፦ ከምንጩ የሚለዩበትን ርቀት እጥፍ ሲያደርጉ የሚደርስብዎ መጠን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በዎርድ ውስጥ በተንቀሳቃሽ ማሽን ሲያነሡ ከታካሚው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቁ፣ አጠገብ ያሉትን አስታማሚዎችና ነርሶችም አስቀድመው ያስወጡ። የተበተነው ጨረር የሚመጣው ከታካሚው ሰውነት መሆኑን ያስታውሱ።

ሽርጡ የሚያግደው የተበተነውን ጨረር እንጂ ቀጥታውን አይደለም፤ ስለዚህ ለብሰውትም ቢሆን በጨረሩ መንገድ አይግቡ። አጣጥፎ ማስቀመጥ እርሳሱን ይሰነጥቃል፤ መሰቀል አለበት። ጫፉ የተሰነጣጠቀውን ሽርጥ ራጅ አንሥተው ይዩት፤ ስንጥቁ ሆድና ደረት በሚሸፍነው ቦታ ከሆነ ምስሉን አያይዘው እንዲቀየር በጽሑፍ ይጠይቁ። የቃል አቤቱታ ይረሳል፣ ፊልም የተያያዘበት ደብዳቤ ግን በፋይል ይቀመጣል። ባጁን በደረትዎ አካባቢ ያድርጉ፣ በራጅ ክፍሉ ውስጥ ጥለውት አይሂዱ፣ እርስዎ ራስዎ ታካሚ ሆነው ሲነሡም ያውልቁት። ውጤቱን ማወቅ መብትዎ ነው፤ ሆስፒታሉ ካዘገየው በክፍሉ የጨረር ደኅንነት ኃላፊ በኩል ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዘንድ ይጠየቅ።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ የማሳስብዎ አለ። በፊልም ዘመን ጨረር ሲበዛ ምስሉ ጠቁሮ ያጋልጠን ነበር። በዲጂታል ግን መጠኑ ሁለት ሦስት እጥፍ ቢሆንም ኮምፒውተሩ አስተካክሎ ያማረ ምስል ስለሚያወጣ፣ ሳይታወቅ መጠኑ ከወር ወር ሽቅብ ይወጣል። ከምስሉ ጎን የሚታየውን የመጠን አመልካች ቁጥር ማንበብ ልማድዎ ይሁን፤ የታካሚ ጥበቃ ዛሬ የሚፈርሰው በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ለኤምአርአይ ስሄድ ስለ ብረት ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ጨረር የለውም ከተባለ ይህ ሁሉ ለምን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጨረር የለውም፤ ነገር ግን ማግኔቱ ቀንም ሌሊትም፣ ምርመራ በማይካሄድበት ጊዜም እንደበራ ነው። የማግኔቱ ኃይል 1.5 ቴስላ (የማግኔት ኃይል መለኪያ) የሆነ ማሽን ከመሬት ማግኔታዊ መስክ በሠላሳ ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በ2001 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት በአንድ ሆስፒታል ወደ ክፍሉ የገባ የብረት ኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ በምርመራ ላይ የነበረን የስድስት ዓመት ሕፃን ገድሏል። የልብ ምት ማስተካከያ፣ በአንጎል ደም ሥር ላይ የተደረገ ክሊፕ፣ ዓይን ውስጥ የገባ የብረት ስባሪ ያለበት ሰው ሳይጣራ መግባት የለበትም። በብየዳ ሥራ የሚተዳደሩ ወይም የጥይት ፍንጣሪ በሰውነታቸው የቀረ ሰዎች በአገራችን ጥቂት አይደሉምና ይህን ሳይደብቁ ይናገሩ። ሦስት ጊዜ መጠየቅዎ ክፍሉ በሚገባ እንደሚሠራ ያሳያል።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ በራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ተመርቄ ሠርቻለሁ፤ አሁን ሜሪላንድ ነኝ። በሙያዬ መቀጠል እችላለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ይችላሉ፤ በቀጥታ ግን አይደለም። በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚጠይቁት በ1922 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስቶች መዝገብ፣ በአጭሩ ኤአርአርቲ የሚባለው ተቋም የሚሰጠውን ምስክርነት ነው። ለፈተናው ለመቀመጥ ተቋሙ የሚቀበለው ዕውቅና ካለው የራዲዮግራፊ ትምህርት ቤት መመረቅ ያስፈልጋል፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ቢያንስ የአሶሺየት ዲግሪ (አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ) ይጠየቃል። በውጭ አገር የተማሩ አብዛኞቹ ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም በሆስፒታል የሚሰጠውን፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል የሚወስደውን ሥልጠና እንደገና ይወስዳሉ። የትምህርት ማስረጃዎን ቀድመው ያስገምግሙ፤ የሰውነት አወቃቀር፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ትምህርቶች ተቆጥረውልዎ ጊዜ ሊያሳጥሩልዎ ይችላሉ። ከፈተናው በኋላ በሜሪላንድ ለመሥራት የግዛቱ የሐኪሞች ቦርድ የሚሰጠው ፈቃድ ይጨመራል፤ ምስክርነቱን ለማቆየትም በየሁለት ዓመቱ 24 ነጥብ ተከታታይ ትምህርት ይጠየቃል።

እንደገና ተማሪ መሆን ለሠራ ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሆኖም በእኛ አገር በአንድ ማሽን ብዙ ሰው በማስተናገድ ያገኙት የእጅ ልምድ በክሊኒካል ልምምድ ላይ ጎልቶ ይታያል። በመሐሉ በራዲዮሎጂ ክፍል በታካሚ አመላላሽነት ወይም በረዳትነት መቀጠር ከክፍሉ አሠራር ጋር ያስተዋውቅዎታል። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲመጣ እንዲያስተረጉሙ ቢጠየቁም፣ ቃሉ ስለ ፈቃድ መስጠት ወይም ስለ አለርጂ ከሆነ ብቃቱ የተረጋገጠ አስተርጓሚ እንዲጠራ ይጠይቁ፤ የዚያ ስሕተት ኃላፊነት ወደ እርስዎ እንዳይመጣ።

ጥያቄ፦ የድሮ የራጅ ፊልሞች ቤት ሞልተዋል። ልጣላቸው? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይጣሉ። በሳንባ ላይ የታየ ጠባሳ አዲስ ይሁን የቆየ የሚለየው ከድሮው ምስል ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ቀድሞ ቲቢ ታክመው ለዳኑ ሰዎች ይህ ንጽጽር ሁለተኛ ዙር ሕክምናን ወይም ሌላ ሲቲ ስካንን ሊያስቀር ይችላል። ፊልሞቹን በፖስታቸው አድርገው፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው፣ ሳያጥፉ በቁም ያስቀምጡ፤ በፖስታው ላይ ቀኑ ከደበዘዘ በእስክሪብቶ ይጻፉበት፣ የተጻፈው በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም ይግለጹ። ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ሁሉንም ይዘው ለቴክኖሎጂስቱ ያሳዩ፤ ከአዲሱ ምስል ጋር ወደ ሐኪሙ የሚያያይዘውን እርሱ ይመርጥልዎታል።